ቅጠል የሌለው ሐሙስ

ኮዬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። አራተኛ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፤
ሊፍት ሊገባበት የተተወው ጉድጓድ ነፋስ ሲያፏጭ እየሰማሁ።
በረንዳዋ ላይ ሰባት የቀለም ባልዲ ተደርድሯል፤
በየባልዲው ሆድ ላይ የቀን ስም በሚስማር ተጭሯል።

ስሟ ሎሚ ነው። ሎሚ ግን አትሸጥም፤
ምንም አትሸጥም። «የተሸጠ ቅጠል ይሸታል እንጂ አይሠምርም።»
ቀን ቀን «ጠንቋይ» የሚሏት የታችኛው ፎቅ ሴቶች
ሲመሽ ያንኳኩባታል፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እንደ ሌቦች።

እኔ የመጣሁት በእንቅልፍ ነው። ማለቴ፣ በማጣቱ።
ዓይኔ የዛገ የሱቅ መዝጊያ ሆኖ አልወርድ ካለ ስንት ሌሊቱ!

«ሰኞ የጤና አዳም ነው፤ ሰኞ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤
ቧንቧው ሲያንኮራፋ ተነሽና ቀንጥቢ፤ ቀድሞ የጠጣ ቀድሞ ይሰጣል።
በግራ እጅ። ጎረቤት «እንዴት አደርሽ» ቢልሽም
ዝም በይው፤ እሱ ይቀየምሽ፣ ቅጠሉ ግን አይቀየምሽም።

ማክሰኞ ግራዋ፤ ለዕዳ። የሰው ዕዳ አይደለም፣ የራስሽ፤
ለራስሽ ቃል ገብተሽ ያልከፈልሽው። ምሬቱ ነው የሚያስታውስሽ።
ረቡዕ ዳማከሴ። ምች ለመታው ብቻ አይምሰልሽ፤
ቃል ለመታውም ነው፣ አለቃሽ ሰው ፊት ሲያዋርድሽ።»

ከዚያ ወደ አርብ ዘለለች።
«ቀበሪቾ። ሰው ለምቀኛ ያጨሰዋል፣ እኔ ለራሴ ቅናት፣» አለች።
ቅዳሜ በሶብላ፣ እሑድ አሪቲ፤ እነዚህን በጥድፊያ
እንደ ታክሲ ረዳት ፌርማታ ጠራቻቸው፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ።

«ሐሙስስ?» አልኩ።
አራተኛው ባልዲ ውስጥ አፈር ብቻ ነበረ፤
ጥቁር፣ የተኮተኮተ፣ ውሃ ጠጥቶ ያደረ።

ልጇ ሐዊ ከውስጥ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል ሳቀች፤
«እማ፣ የፈረንጅ ጠንቋዮችም ቀን አላቸው!» ብላ አነበበች።
ሰኞ ለጨረቃ፤ ማክሰኞ ለቀዩ ኮከብ፣ ለእሳትና ለብረት፤
አርብ ለፍቅር፣ ለጽጌረዳ። «ሐሙስ ደግሞ ለሀብት፣ ለበረከት።»

ሎሚ በጨረቃዋ ልትቀልድ ከንፈሯን አሹላ ነበር፤
«ጨረቃቸው ውሃ ታመጣለች?» ብላ።
ሀብት ሲባል ግን ዝም አለች፣ እንደዚያ ባልዲ አፈር።

ቆይታ፣ በጣቷ ወደ ታች፣ መኪና ወደሚቆምበት አስፋልት፦
«ያቺ ነጭ ሚኒባስ ያለችበት የአባቴ ጓሮ ነበር፤ ግራዋው በአጥሩ፣ ዳማከሴው በበረት።
ዶዘሩ የመጣው ሐሙስ ነው። ካሳውን በካልኩሌተር ሲደምሩ
ቅጠሉን የቆጠረ የለም። በቀሚሴ ያፈስኩት ይኸው ነው፣ አፈሩ።»

«ምን ልትተክይበት ነው?»
«ምንም። ሌላውን ቀን ሁሉ እኔ መደብኩ፣ ለቅጠል ሰጠሁ፤
ሐሙስ ግን ራሱ እስኪናገር፣ ይኸው ሰባት ዓመት ጠበቅሁ።»

ጤና አዳሙን ትራሴ ሥር አደረግሁት። አልዋሽም፤
ሦስት ሰዓት ያህል ወሰደኝ፤ ከዚያ ግን አልረዘመም።

ሰኔ ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በሬ ተንኳኳ፤
ሎሚ ናት፤ እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ እንኳ።

አራተኛው ባልዲ መሐል፣ ክር የምታህል፣ ማንም ያልዘራት
አረንጓዴ ነገር ቆማለች። ልጠይቅ አፌን ስከፍት
ጣቷን ከንፈሬ ላይ አደረገች፦ ስም እንዳላወጣላት።
ጤፍ ትሁን እንክርዳድ
ገና አልለየላትም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። የውሃ ተራ አልነበረም።
ቧንቧው ግን አንኮራፋ።
ተያየን፤ ከዚያ በሩ ላይ ተጣበቅን፣ ባዶ ጀሪካን ይዘን ስንጋፋ።